ከድንጋዩ ወዲህ

ደግሰው ላስታ ውስጥ፣ ብልባላ አጠገብ ካለ ኮረብታ ላይ አንዲት የሣር ጎጆ ይጠብቅ ነበር። ጎጆዋ ያለ ምስማር በገመድና በጠፍር ታስራ የቆመች ናት፤ ውስጧ የምድርን መግነጢስ የሚለካ መሣሪያ ተቀብሯል። ብረት ከቀረበው ልኬቱ ይበላሻል። ስለዚህ ደግሰው ከአጥሩ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ የመጣው ሁሉ ብረቱን እንዲያኖር ያደርጋል፤ ማጭዱን፣ ቢላዋውን፣ የቀበቶውን ዘለበት ሳይቀር። የደብሩን አለቃ እንኳ «አባ፣ ይቅርታዎን፣ የምርኩዝዎ ጫፍ ብረት ነው» ብሏቸዋል። ጎረቤቱ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ ይስቅበታል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ድንጋዩን ግን ማንንም አያሳልፍም።

ሥራውን ያስገኘችለት ልጁ ባንቺዓለም ናት። አዲስ አበባ ተቀምጣ፣ ሳተላይቶች የለኩትን እየሰበሰበች የምድርን መግነጢስ በሒሳብ ሞዴል ትሠራለች። ሳተላይት ከምድር ሆድ የሚመነጨውንና ከሰማይ የሚመጣውን ደባልቆ ነው የሚለካው፤ ለመለየት መሬት ላይ የተገኘ ንጹሕ ልኬት ያስፈልጋታል። የላስታው ንጹሕ ነበር። በአባቷ ትኮራለች።

ጦርነቱ መጣ፤ ስልኩ ተቋረጠ። መንገድ ሲከፈት ሮጣ ብትመጣ መቃብር ጠበቃት። የሆነውን እናቷ አገሬ ነገረቻት። ታጣቂዎች መጡ፤ የማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ደግሰው ለሰው ሁሉ የሚለውን ለነሱም አለ፦ «ልጆቼ፣ ጠመንጃችሁን ከድንጋዩ ላይ አኑራችሁ ግቡ።» ትጥቅ ሊያስፈታን ነው ብለው ተቆጡ። አልፈው ገብተው ከጎጆዋ ደጃፍ ገደሉት። ጎረቤት ፈርቶ እስኪነጋ አልደረሰለትም። ሲደርሱም፣ እነዚያ ሲስቁበት የኖሩት ሰዎች፣ ዶማቸውን ከድንጋዩ ላይ አኑረው ገብተው አነሱት።

መሣሪያው ግን በፀሐይ ኃይል ሲመዘግብ ከርሟል። ባንቺዓለም መዝገቡን ከእናቷ ጎን ተቀምጣ በላፕቶፗ ከፈተችው። መሥመሩ ቀጥ ብሎ መጣና ድንገት ተነሣ፤ ጥቂት ቆይቶ ወደ ቦታው ወረደ።

«ይኼ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«እነሱ ናቸው፣ እማዬ። ጠመንጃቸው ነው።»

«አባትሽስ የት ጋ ነው?»

ባንቺዓለም ከፊትም ከኋላም ፈለገች።

«አባዬ ብረት አይዝም ነበር» አለች። «አይታይም።»

ባንቺዓለም ሥራዋ ከምድር ያልሆነውን ቆርጦ መጣል ነውና፣ የገዳዮቹን ቆረጠች። ቀጥሎ ያለው፣ አባቷ ከደጃፉ ወድቆ ያደረበት ሌሊት፣ ንጹሕ ነበር። እሱን ከሞዴሉ አስገባችው።