ቀለሟ ስንፍና ያለችው

ነቀምቴ የምታስተምረው ቀለሟ፣ ኢቢሳ የሚባል አናጺ ወንድም አላት። ስኪዞፍሬንያ ከያዘው ወዲህ፣ መድኃኒቱ በጆሮው የሚመጡበትን ድምፆች ጸጥ ቢያደርግለትም፣ ጣውላ ለክቶ ቀጥሎ የሚያደርገው ይጠፋውና ቆሞ ይቀራል። ለእሷ ስንፍና መሰላት። «የሰው በር ጀምረህ ትገተራለህ?» እያለች በደንበኞቹ ፊት ታዋርደው ነበር። ይባስ ብላ መጋዙንና መላጊያውን ቢላ ከተማ ላለ ዘመዳቸው ሰጠችበት።

አንድ ቀን መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያ ልታመጣ ሄዳ ለነርሷ ስንፍናውን አማረረች።

«ስንፍና አይደለም» አለቻት ነርሷ። «ሥራን በቅደም ተከተል የሚያስይዘው የአንጎሉ ክፍል በሕመሙ ደክሞ ነው። አንድ በአንድ ንገሪው።»

ቀለሟ አንገቷን ደፋች። ለተማሪዎቿ በየቀኑ የምታሳየውን ትዕግሥት ለገዛ ወንድሟ ነፍጋዋለች።

በማግስቱ ቢላ ወርዳ ዘመዷን ለምና መሣሪያዎቹን አስመለሰች። «ኢቢሳ ኮ፣ የኔ ኢቢሳ፣ ዲፈማ፤ ይቅር በለኝ» አለችው። እሱ መጋዙን ተቀበላት። «ጣውላውን ለካ» አለችው፤ ለካው። «አሁን ቁረጥ»፤ ቆረጠ። እንዲህ እያሉ በሳምንቱ አንድ መስኮት ጨረሱ።

መስኮቱ ቀጥ ያለ፣ ያማረ ነበር። ቀለሟ ግን ደስታዋ ሙሉ አልሆነም። ኢቢሳ እያንዳንዱን ሥራ በጨረሰ ቁጥር፣ ስድብ እንደሚጠብቅ ሰው ቀና ብሎ ፊቷን ያያል።