አባቴ ያላያቸው መጨረሻዎች

ጅቡቲ ውስጥ ከዙህር ሶላት በኋላ ሱቁን ከፍቶ የሚቀመጥ ሰው ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ከቤቱ ሰዎች ጋር ተጣልቷል። እኛ ካርቲዬ ዱ በሚባለው ሰፈር ያለውን የጨርቅ ሱቃችንን እስከ አሥር ሰዓት ዘግተን ከጀርባው ወዳለችው ክፍል እንገባለን። ምሳ ይበላል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ቬንቲሌተሩ ይከፈታል። ከዚያ አባቴ ፍራሹ ላይ ትራሱን ተደግፎ «በይ ክፈቺው» ይለኛል።

የሚያስከፍተኝ ዜና እንዳይመስላችሁ። እኔ ከመወለዴ ብዙ ዓመት በፊት ተሠርቶ ያለቀ፣ በነጭና ጥቁር የተቀረፀ፣ ወደ ፈረንሳይኛ የተመለሰ የጉድ ፊልም ነው። ተከታታይ ይባላል እንጂ የሚከታተል ነገር የለውም፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሰዎች፣ የራሱ አገር፣ የራሱ ጣጣ አለው። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የማታውቁትን ሰው ያስተዋውቃችኋል፣ ያስወድዳችኋል፣ ከዚያ የቆመበትን መሬት ቀስ አድርጎ ይስብበታል። ደም የለ፣ ጩኸት የለ። ዛሬ ሰው ለማስደንገጥ ከተማ ሙሉ ሕንፃ የሚያፈርሱ ፊልም ሠሪዎች አፍረው ይማሩ እላለሁ፤ እነዚያ ሰዎች በአንድ በርና በአንድ አምፖል ጸጉር ያስቆሙ ነበር።

አባቴ በጎረምሳነቱ ከድሬዳዋ በባቡር መጥቶ እዚሁ ቀረ። ፈረንሳይኛን ግማሹን የተማረው ከደንበኞች ነው፤ ግማሹን ደግሞ ቴሌቪዥን ያለው ሻይ ቤት መስኮት ላይ ቆሞ ከዚህ ፊልም። ስለዚህ ፈረንሳይኛው ትንሽ ያስፈራል። ዋጋ ቀንስ እያለች የምታደርቀው ደንበኛ ስትመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እመቤት፣ የማይመለሱበትን በር እያንኳኩ ነው» ይላታል። ሴቶቹ እየሳቁ ይገዛሉ። የክፍሎቹን ሙሉ ስብስብ በፍላሽ አግኝቼ ባመጣሁለት ቀን እንደ ሕፃን ነው የተደሰተው። ችግሩ፣ እኔ ሳመጣው ዓይኖቹ ሄደው ነበር።

በአንድ ቀን አልሄዱም። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጨለመበት፤ ዝም አለ። ቀጥሎ ደረጃ መሳት ጀመረ፤ ጫማው ነው አለ። ለአንዲት ደንበኛ አረንጓዴ ብሎ ቡናማ የቆረጠላት ቀን ግን የሚያሳብብበት ነገር አጣ። አሁን የቀረው ብርሃንና ጨለማን መለየት ብቻ ነው።

እና ሥራ ተከፋፈልን። ንግግሩን እሱ ይሰማል፤ ከእኔ ይልቅ አጥርቶ የሚሰማው እሱ ነው። ምስሉን እኔ በአማርኛ እነግረዋለሁ። «ደረጃውን ወረደ። ወደ ኋላ ዞረ፤ ማንም የለም። ግድግዳው ላይ የነበረው ሰዓት አሁን የለም።» አባቴ አገጩን ከፍ አድርጎ ጆሮውን ይጥላል። የዚህ ፊልም ትልቁ ጥበብ ግን እኛን የሚፈትን ነበር፤ የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ሁሉም ሰው ዝም ይላል። አንድ ቃል አይወጣም። ታሪኩን የሚፈታው ምስል ነው፣ እሱም በእኔ አፍ ላይ ነበር።

ከሁሉ አስበልጬ የምወደው የስልክ አገናኟ ሴት ክፍል ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አንድ ሰው ይደውልና አንድ ቁጥር አገናኚኝ ይላታል። ቁጥሩ መዝገብ ላይ የለም። አድራሻውን ስትጠይቀው ገና ሣር የሆነ ሜዳ ይነግራታል። ዓመታት ያልፋሉ፣ ታገባለች፣ ሥራዋን ትተዋለች፣ ባሏ እዚያው ሜዳ ላይ አዲስ ቤት ይሠራላታል። የገቡ ቀን ዕቃው ሳይፈታ ስልኩ ይጮኻል። ትነሣለች፣ ትቀርባለች፣ እጇ እጀታው ላይ ያርፋል፤ እዚያ ላይ ያበቃል። ማን እንደደወለ አይነግሩንም። እንዳለ ለአባቴ ነገርኩት። «አላነሣችውም አይደል?» አለኝ። «አላሳዩም» አልኩት። ሳምንት ሙሉ አነሣችው፣ አላነሣችውም ስንባባል ከረምን። ያኔ ዓይኑ ሆኜው ነበር፤ ኮርቼበታለሁ።

ሙቀቱ ሳይበረታ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ለውጤቱ ብቻዬን ሄድኩ። ወረቀቱ አጭር ነበር፤ የሁለቱም ዓይኖች ነርቭ ሞቷል፣ ቀዶ ጥገና የሚመልሰው ነገር የለም፣ ታማሚው ያለ ዓይን መኖርን እንዲለማመድ ይመከራል። ቤት ስገባ አባቴ ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ፣ ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። «አንብቢልኝ» አለኝ። አንጀቴን በላው። «ፈረንሳይኛው የሐኪም ቋንቋ ነው፣ በአማርኛ ልንገርህ» አልኩና፣ ብርዱ ሲገባ እንደገና ይታይ፣ ያኔ አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ጥገና ማድረግ ይችል ይሆናል ይላል ብዬ አነበብኩለት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

በዚያው ሳምንት የልብስ ሰፊው ክፍል ደረሰ። ሰውየው የሚሰፋው ሙሉ ልብስ ለደንበኛው ዛሬ አይሆነውም፤ የሚሆነው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ወፍራሙ ሰው ቀጭን ልብስ ይሰፋለትና ይሳደባል፤ ኋላ ታሞ ከስቶ ሲመጣ ልክክ ይልለታል። መጨረሻ ላይ ሰፊው ለራሱ ሊሰፋ ይነሣል። ራሱን በሜትር ይለካል፣ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፣ ቆሞ ያየዋል። ከዚያ ሳይቆርጠው አጣጥፎ መደርደሪያው ላይ ይመልሰዋል። መብራቱን ያጠፋል። አለቀ። ዕድሜውን በጨርቅ ላጠፋ ለአባቴ ከዚህ የተሻለ መጨረሻ ማንም ሊሠራለት አይችልም ነበር። እኔ ግን ያንን ወረቀት ደብቄ ጨለማ ያለበት ነገር መናገር አቃተኝ። «ግራጫ ልብስ ሰፍቶ ለበሰ፣ መስታወት ፊት ቆሞ ፈገግ አለ» አልኩት።

«ይኼው ነው?» አለ አባቴ።

«ይኼው ነው።»

ከዚያ ወዲያ አመል ሆነብኝ። የጠፋው ልጅ በእኔ አፍ ይገኛል፤ ባዶዋ መርከብ ሰው ይሞላባታል። አባቴ እያዘነ ሄደ። «መጀመሪያ ላይ እንዴት ያሉ ሰዎች ነበሩ» ይለኛል፣ «በስተኋላ ግን ደክሟቸዋል። ይጀምሩታል እንጂ አይጨርሱትም።» እኔም ጥፋቱን ለእነሱ ትቼ ሻይ እቀዳለሁ። ያን ያህል የማደንቃቸውን ሰዎች ስም እያጠፋሁ መሆኔ ያበሽቀኝ ነበር፤ ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነው። አባቴ ዱላ አልይዝም አለ፤ «ለሁለት ወር ብዬ?» ይላል። ሱቁ ውስጥ መንገዱን በእጅ እንዲለምድ ስለምነው «ስመለስ አየዋለሁ» ይለኛል። ለአዲስ አበባው ጉዞ ኮቱን አሳጥቦ ሰቅሎታል። ብርዱ እየቀረበ ነው፣ እኔም በየቀኑ ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከአክስቴ መልእክትና አንድ ካርቶን ማንጎ ይዞ አንድ ሾፌር መጣ። የድሬዳዋ ሰው ነው፣ የአክስቴ ጎረቤት፤ ከባድ መኪናውን ዶራሌ ወደብ አቁሞ ኮንቴነር የሚጭንበትን ተራ እየጠበቀ ነበር። ምሳ አቀረብንለት። አባቴ «አረፍ በል፣ ፊልም እናያለን» ሲለው ሾፌሩ ሳቀ።

«አቦ ሀጂ፣ እኔ ፈረንሳይኛ አልችልም እኮ።»

«እሷ ትነግርሃለች» አለው አባቴ።

የዚያን ቀኑ ክፍል ካየናቸው ሁሉ የሚበልጥ ነው ብል አላጋነንኩም። ከከዋክብት መካከል የተመለሰ አብራሪ ታሪክ ነው። ደህና ነኝ ይላል፣ ሐኪሞቹም ደህና ነህ ይሉታል፤ ግን አንድ ነገር ከእሱ ጋር አልተመለሰም፣ ፍጥነቱ። ለእሱ አንድ እርምጃ የሆነው ለሌላው ሰው ወራት ነው። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ገበታውን ለሁለት ዘርግታ ትጠብቀዋለች። ወንበሩን ይስባል። እሱ ወንበሩን እየሳበ ሳለ መስኮቱ ላይ ቀንና ሌሊት ይፈራረቃሉ፤ የሚስቱ ጸጉር ይነጣል፣ ወገቧ ይጎብጣል፣ አንድ ጊዜ እጇን ወደ እሱ ትዘረጋለች። እሱ ተቀምጦ ቀና ሲል ከፊቱ ያለው ወንበር ባዶ ነው፣ ሰሃኑ አቧራ ለብሷል። ይህ ሁሉ ያለ አንድ ቃል። እንባዬ መጣ። እንዲያም ሆኖ አፌ የለመደውን አደረገ።

«ተቀመጠ» አልኩ፣ «ሚስቱ እጁን ያዘችው፣ አብረው ይበላሉ።»

ሾፌሩ ዞሮ አየኝ። ፈረንሳይኛ አይችልም ብዬ ከቁብ አልቆጠርኩትም ነበር፤ እዚህ ከተማ ሰውን የምንመዝነው በሚችለው ቋንቋ ነው። ዓይን እንዳለው ረሳሁ።

«የቷ ሚስት?» አለ ሾፌሩ። «ሴትዮዋማ አርጅታ ሞተች። ወንበሩ ባዶ ነው፣ እህቴ።» ክፉ አስቦ አይደለም። «እኔም ከቤት ስወጣ ልጄ ገና በእግሩ አይሄድም ነበር» አለና አቀርቅሮ ቀረ።

ጥቂት ቆይቶ ከዶራሌ ተደወለ፤ ሾፌሩ ተራው ደርሶ ነበርና ተሰናብቶን ወጣ። በሩ ሲዘጋ አባቴ «አሁን እንዳለ ንገሪኝ» አለኝ። ነገርኩት። የመስኮቱን ብርሃን፣ ጸጉሯን፣ የተዘረጋውን እጅ፣ አቧራውን። ቀጥሎ የልብስ ሰፊውን ጠየቀኝ። ጨርቁን ሳይቆርጠው አጥፎ እንደመለሰው ስነግረው ጭኑን በመዳፉ መታ።

«ለካ አልደከማቸውም» አለ። ፊቱ በርቶ ነበር። «ለካ እስከ መጨረሻው ድረስ እንዲያ ነበሩ። ያን የመሰለ ሥራ ምን ብለሽ ነው ያበላሸሽው?»

የፊቱ ብርሃን ቀስ እያለ ሲሄድ አየሁት፤ ምን እያሰበ እንደሆነ ገባኝ።

«የሐኪሙን ወረቀት አምጪው» አለ።

አመጣሁት። በአማርኛ ልጀምር ስል እጁን አነሣ። «በፈረንሳይኛው። አማርኛው የአንቺ ነው።»

አነበብኩለት። አራት መስመር ነው። ሲያልቅ ድገሚው አለኝ፣ ደገምኩት።

«ብርዱ ሲገባ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

«የለም፣ አባ።»

«አዲስ አበባስ?»

«እሱም የለም።»

ማልቀስ ጀመርኩ። እንዳታለቅሺ አላለኝም፤ ይቅር አልኩሽም አላለኝም። ተቆጥቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። የዓስር አዛን ሲሰማ ውዱእ አድርጎ ሰገደ፤ እንደወትሮው ሳይሆን ከሰገደ በኋላ ብዙ ቆየ። አሥር ሰዓት ሲሆን የሱቁን በር ከፈትኩ። አባቴ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ወንበር አልፎ፣ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ እስከ መደርደሪያው ሄደና «ተራ በተራ አውርጂልኝ» አለኝ።

የመጀመሪያውን አወረድኩለት። በጣቶቹ አሸት አሸት አድርጎ «ድሪያ ቀሚስ የሚሰፋበት ስሱ ነው» አለ። «ቀለሙን አንቺ ንገሪኝ።» ቢጫ ነው አልኩት። ቀጠልን። ጥጡን፣ ሐሩን፣ ሱፉን በእጁ ያውቃል፤ ቀለሙን እኔ እላለሁ። እሱ ይደግመዋል፣ ቦታውን በክንዱ ይለካል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ደንበኛ ገባች፤ ቆማ አየችንና ምንም ሳትጠይቅ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

መስኮቱ አጠገብ የነበረውን ጥቅል ሳወርድ እጄ አመነታ። አባቴ ጠበቀ።

«ሰማያዊ ነበር» አልኩት። «ዳሩን ፀሐይ በልቶታል፣ ነጥቷል። ለማንም የሚሸጥ አይደለም።»

«እስከ የት?»

እጁን ይዤ የነጣው የሚያልቅበት ላይ አስቀመጥኩለት።

«ከዚህ ወዲያስ?»

«ከዚህ ወዲያ ደህና ነው።»

ጣቱን ከቦታው ሳያነሣ «በይ እዚህ ላይ ቁረጪው» አለኝ።