ቅርፊት ያለው ዓሣ

ሁዳዴ ሲገባ ልጄ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የንስሐ አባታችን «ነፍሰ ጡር አትገደድም» ቢሏት አሻፈረኝ፣ ካልጾምኩ አለች። እኔ ደግሞ፣ ጾም በገባ ቁጥር ሆዴን የሚያመኝ ሰው፣ አስታራቂ ሆኜ መሀል ገባሁ።

«ዓሣ ትብላ» አልኩ።

የንስሐ አባታችን ዓሣ በጾም አይወዱም። ቢሆንም ጎረቤቴ ከቆላው ወንዝ ያመጣውን፣ በጨው የደረቀ ክንድ የሚያህል ዓሣ መነጽራቸውን ሰክተው በመስኮቱ ብርሃን አገላበጡት፤ በጥፍራቸውም ፋቅ ፋቅ አደረጉት።

«ቅርፊትም ክንፍም አለው፤ ኦሪት የሚከለክለው አምባዛ አይደለም። ለእሷ ብቻ ይሁን» አሉ፣ እኔን እያዩ።

«እኔማ ጠረኑ ይበቃኛል» አልኩ። ጭንቅላቱን የጋጥኩት ግን እኔ ነኝ።

ጎረቤቴ ከቆላ በወጣ ቁጥር ያመጣል፣ እሷም ትበላለች። ጉንጯ ሞላ። እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ ብልሃቴን ለደባርቅ ሰው ሁሉ ሳወራ ሰነበትኩ።

ፋሲካ ሲቃረብ ለክትትል ሐኪም ቤት ሄድን። ነርሷ ምን እንደምትመገብ ጠየቀቻት፤ ልጄም ነገረቻት። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ዓሣው ከየት ነው የሚመጣው አባባ?»

ወንዙን ነገርኳት።

«ከላይ በኩል ወርቅ በሜርኩሪ ያጥቡበታል እኮ! ዓሣው ተመርምሮ ተገኝቶበታል። የጽንስ አእምሮ ይጎዳል፤ ሁለተኛ እንዳትቀምሰው።»

«በደንብ ቢጠበስስ?»

«እሳት አያስለቅቀውም።»

«ጸበልስ?»

አልሳቀችም። ልጄም አልሳቀችም፤ እሷ እንኳ ለማይረባው ቀልዴ ሁሉ የምትስቅ ልጅ ነበረች።

የንስሐ አባታችን ሲሰሙ «ቅርፊቱን አየን፤ ዓሣው የሚበላውን አላየንም» አሉ።

«እሱ እንደሆነ አይጾም» አልኩ። ቀልዱ አፌ ውስጥ መረረኝ።

ሕፃኑ ሰኔ ግም ሲል ተወለደ። ከእኔ ከወረሰው አፍንጫ በቀር እንከን አይታይበትም። ሐኪሞቹ ግን «እያደር ነው የሚታወቀው» ይላሉ። ልጄ ያን «እያደር» መጠበቅ አልቻለችም። አንገቱ ከጸና ወዲህ ከኋላው ቆማ ታጨበጭባለች። አንዳንዴ ቶሎ ይዞራል፤ አንዳንዴ የዘገየ ይመስላል። ያኔ ወደ እኔ ትዞራለች።

«አባዬ፣ አሁን ዘገየ እንዴ?»

እኔ ጆሮዬ የደነቆረው ሽማግሌ፣ መቼ እንዳጨበጨበች እንኳ አልሰማሁም።

«የለም፣ አልዘገየም» እላታለሁ።