ሱሪውን የያዘ እጅ

መጀመሪያ ያየሁት ክፍሉን ሳይሆን የእሳቸውን እጅ ነው። ፖሊሱ የብረቱን በር ከኋላዬ ሲዘጋው፣ አንድ ሽማግሌ ከሲሚንቶው አግዳሚ ላይ ብድግ አሉ። በግራ እጃቸው ሱሪያቸውን ጨብጠዋል። የእኔን የጫማ ማሰሪያ እንደወሰዱት ሁሉ የእሳቸውንም ቀበቶ መግቢያው ላይ ወስደውባቸዋል።

"አይነሡ፣ አባቴ" አልኳቸው።

"እንግዳ ሲገባ ቁጭ ይባላል? የማን ልጅ ነህ?"

ነገርኳቸው። አባቴን ያውቁታል።

ሁለታችንም የተያዝነው ያን ቀን ጧት፣ እዚህ እስራኤል ጊቫት ኦልጋ ሰፈር ላይ በተደረገው ሰልፍ ነው። የሰፈራችን ልጅ በፖሊስ ተደብድቦ ነበር። እኔ ድምፅ ማጉያ ይዤ ነበር፤ እሳቸው አስፋልቱ ላይ ተቀምጠው አልነሣም አሉ።

ክፍሉ መስኮት የለውም። በረኪና በረኪና ይሸታል። ሽንት ቤቱ በር ስለሌለው በየተራ ፊታችንን ወደ ግድግዳው እንመልስ ነበር። የፈራሁት ዱላ አልነበረም፤ በሩ ተመልሶ የሚከፈት አልመስል አለኝ።

ከቀትር በኋላ አንድ ወጣት ጠበቃ መጣ። የላከው ለምርጫ የሚወዳደር ፓርቲ ነው።

"ደስ ይበላችሁ፣ ትለቀቃላችሁ" አለ በዕብራይስጥ። ሽማግሌውን "ሳባ" ይላቸዋል፤ አያት ማለቱ ነው። "ውጭ ካሜራ አለ። ሳባ ልክ እንዲህ ሱሪውን እንደያዘ ይውጣ። ቀበቶውን በኋላ አመጣለታለሁ። ይህን ምስል ማንም አይረሳውም፤ የዘመቻችን መለያ ይሆናል።"

እኔ የመጀመሪያ ዓመት የማርኬቲንግ ተማሪ ነኝ። መለያ ማለት ሰው ዓይኑን ጨፍኖም የሚያስታውሰው ነገር ነው ተብለን ተምረናል። እንደ ትምህርቱ ከሆነ ጠበቃው አልተሳሳተም። በሩም ተከፍቷል።

"ምን ይላል?" አሉኝ።

ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው።

"ጎንደር ስታሰር እንዲህ ሱሪዬን አስይዘው በገበያ መሀል ነድተውኛል። ያኔ ተገድጄ ነው። ዛሬ ወድጄ ላድርገው?" ተመልሰው ተቀመጡ። "ቀበቶዬን ያምጣና እወጣለሁ። አንተ ሂድ፣ ልጄ። እናትህ ትጠብቅሃለች።"

ጠበቃው ወደ እኔ ዞረ። "አሳምነው እንጂ፣ ወንድሜ! እኔ ከሄድኩ እስከ መቼ እንደሚያቆዩአችሁ አላውቅም።"

ታላቄ የሆነ ሰው ሲያዘኝ እምቢ ማለት አልለመደብኝም። "ቀበቶውን አምጣላቸው" አልኩት። አላመጣም። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ በሩ እንደገና ተዘጋ።

"አንተ ደግሞ ሞኝ ነህ" አሉኝ። ግን ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

የለቀቁን ሲመሽ ነው። ካሜራው የለም። ቀበቶአቸውን ሲመልሱላቸው አልቸኮሉም። በየማስገቢያው አሳልፈው አሰሩት፣ ሸሚዛቸውን ከተቱ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ። ፖሊሱ በሩን ይዞ ይጠብቃቸው ነበር። እኔም ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አሰርኩ።

አሁንም መምህራችን ስለ መለያ ባነሣ ቁጥር በረኪናው ይሸተኛል፣ ክፍሉ ይጠበኛል። ምርጫው ደርሷል። ነቬ ሐይም ሰፈር አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የጠበቃው ፓርቲ ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል፤ አንድ ሽበታም ሰው ሱሪውን በእጁ ጨብጦ ይታያል። ተዋናይ ሳይሆን አይቀርም። ባለፈው ሳምንት ከሽማግሌው ጋር አውቶቡስ ስንጠብቅ ቆም ብለው አዩት።

"ምስኪን" አሉ። "ቀበቶ የሚያመጣለት አጣ?"

አውቶቡሱ መጣ። በሁለቱም እጃቸው የደረጃውን ብረት ይዘው ወጡ።