ኮንዶሚኒየሙ ሲወጣ እንወልዳለን

ካዛንቺስ ያደግሁባት የቀበሌ ቤት አንዲት ክፍል ነበረች። እናትና አባቴ ከታች፣ እኛ ስምንቱ ልጆች ቆጡ ላይ ራስና እግር ሆነን እንተኛለን። አንዱ ሲገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን። የታላቅ ወንድሜ ተረከዝ አፍንጫዬ ስር ተደቅኖ ሳለ፣ "እኔ ልጆቼን እንዲህ አላሳድግም" ብዬ ማልሁ። መሐላዬን ጠበቅሁ፤ የሚቆጨኝም እሱ ነው።

አግብቼ የገባሁት ቂርቆስ፣ ያው አንዲት ክፍል ቤት ነበር። ልጃችን ስትወለድ ክፍሏን በመጋረጃ ለሁለት ከፈልናት። ብዙም ሳይቆይ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ መጣ። ባለ ሦስት መኝታ ተመዘገብን፤ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለልጃችን፣ አንዱ ለምትከተላት። "ሁለተኛዋን ቤቱ ሲወጣ እንወልዳለን" ተባባልን። በሰፈራችን እንዲህ ያላለ ባልና ሚስት አልነበረም። ሰርጉም፣ ሶፋውም፣ ልጁም ለዕጣው ይቀጠር ነበር።

ጤና ጣቢያ የሦስት ወር መርፌዬ አንድም ጊዜ አላለፈኝም። ነርሷ ወረፋ የሚጠብቁት እናቶች ፊት ታቆመኝና፣ "እሷን እዩ! በአቅም መውለድ ማለት እንዲህ ነው" ትላለች። እኔም እንደ ተሸላሚ ተማሪ ደረቴን ነፍቼ እቆማለሁ። በመርፌው ቂም የለኝም፤ የእናቴን ወገብ ምን እንዳጎበጠው አውቃለሁ። ግን መቼ እንደምወልድ መወሰን በእጄ ከገባ በኋላ፣ መልሼ ለዕጣ አሳልፌ ሰጠሁት።

እናቴ በመጣች ቁጥር፣ "አንቺ ልጅ፣ ቤት ነው እንዴ የሚወልደው?" ትለኛለች።

"ታዲያ እማዬ፣ እንደ እኛ ቆጥ ላይ ልደርድራቸው?" እላታለሁ።

ልጄም "እህት ውለጂልኝ" እያለች ትነዘንዘኝ ነበር። "ቤታችን ይውጣ" እላታለሁ። ዕጣ በወጣ ቁጥር ባሌ ጋዜጣውን ገዝቶ ስማችንን ይፈልጋል፣ ያጣል፣ አጣጥፎ ያስቀምጣል። ልጄ መጠየቁን መቼ እንደተወች እንኳ ልብ አላልሁም።

በመጨረሻ ዕጣውን ሳልጠብቅ መርፌውን ያቆምሁት አርባን ካለፍሁ በኋላ ነው። ጠበቅን፤ ምንም የለም። ሐኪሙ ዕድሜዬን ጠየቀና፣ "ያለችሽን ያሳድግልሽ" አለኝ። እያለቀስሁ ቤት ደረስሁ።

ቤቱ ከዚያ በኋላ ወጣ፤ ከከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ። ልጄ በቁመት በልጣኛለች። ለቤቱ ምርቃት የቂርቆስ ጎረቤቶቻችን ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። እናቴም ተደግፋ ደረጃውን ወጣች። ልጄ እንግዶቹን ክፍል በክፍል እያዞረች ስታሳይ፣ ካርቶንና የተበላሸ ቴሌቪዥን የከመርንባት ክፍል ደረሱ።

"ይቺስ የማን ናት?" አለች እናቴ።

"የእህቴ ነበረች፣ እማማ" አለች ልጄ እየሳቀች።

ጎረቤቶቹም ሳቁ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ እጄን ይዛ ወደ ሳሎን መለሰችኝ። ያኔ እንደ ድሮዋ፣ "ቤት ነው እንዴ የሚወልደው?" ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።