«ቅቤ ነው» ያልኩ ቀን

ይህን ለባሌ አልነገርኩትም። ለእህቴም አልነገርኳትም፤ እሷ ደግሞ ከእኔ የማትሰማው ነገር የለም። ጸሎት ቤት ተንበርክኬ ስለ ምላሴ፣ ስለ ቁጣዬ፣ ስለ ሐሜቴ ንስሐ ስገባ ይህቺን ብቻ እየዘለልኩ ኖሬአለሁ። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም፤ ስለዚህ ዛሬ እናንተ ሁኑልኝ። እንድታዝኑልኝ ግን አይደለም። ሲታዘንልኝ አልወድም።

መጀመሪያ ጉራዬን ስሙ። ጉራዬን ካልሰማችሁ ጥፋቴ አይገባችሁም። እኔ እዚሁ ሆሳዕና፣ መብራት መጣ ሄደ በሚልበት የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ከብናኝ የማትበልጥ ትል በሕይወት እያለች ስቧን ስታከማችና ስታቃጥል ያየሁ ሴት ነኝ። መናኸሪያ ያገኘኝ ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲለኝ «ትል አረባለሁ» እለዋለሁ። ይስቃል። ይሳቅ! እኔ ያየሁትን እሱ አላየ።

ትሏ እንደ ብርጭቆ ናት፤ ውስጧ ይታያል። ምግቧ ላይ ቀለም ስንጨምርላት ቀለሙ ስቡን ፈልጎ ይይዘዋል፤ ከዚያ በማይክሮስኮፑ ልዩ ብርሃን ስናያት ስቧ ፍም መስሎ ያበራል። ስናስርባት ፍሙ እየከሰመ ይሄዳል። ሥራችን ይሄ ነበር፦ የትሎቹን ዘረመል በኬሚካል እንለውጥና የልጅ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ እናያለን። የምንፈልገው ተርባም ስቧ የማይጠፋ አንዲት ትል ነው። እሷ ከተገኘች የትኛው ዘረመል ስብን እንደሚቆጣጠር ከእሷ መማር ይቻላል፤ ሰው ለምን እንደሚወፍርና ለምን እንደሚከሳም ፍንጭ ትሰጣለች።

በዚያ ቤት የእኔን ዓይን የሚያህል ዓይን አልነበረም። አሁንም የለም። አማካሪያችን እንኳ ሲጠራጠር «እስቲ እሷ ትየው» ይል ነበር። ደንብም ነበረን፤ አንዱ አገኘሁ ቢል ሁለተኛ ሰው ሳያይለት ተገኘ አይባልም። ያቺ ሁለተኛ ሰው እኔ ነበርኩ።

ከድር ከሆሳዕና ወጣ ብላ ያለችው የጃጁራ ልጅ ነው። ለማስተርስ መጥቶ በእኔ እጅ ወደቀ። ትሏን ከፀጉር በቀጠነ ሽቦ ማንሳትን፣ ትንፋሽን ያዝ አድርጎ ማየትን፣ ሁሉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጎበዝ ነበር ብል ያንስበታል። መመረቂያው በዚያችው በምንፈልጋት ትል ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ ካልተገኘች ዲግሪ የለም። እኔም እሷኑ እፈልግ ነበር፤ እኔ ግን ለስሜ ነበር።

ወራት ሙሉ አጎንብሼ ፈለግሁ። አንገቴ ደረቀ። የለችም። ከዚያ ከድር እህቱን ሊድር ጃጁራ ሄደ፤ ሰኞ ጠዋት ከመኪና ወርዶ ቀጥታ ወደ ሥራ መጣ። ቅቤ ቅቤ ይሸታል። የሰርግ አተካና፣ ያ ከቡላና ከቅቤ የሚሠራው ምግባችን፣ ሽታው ልብስ ላይ ይሰነብታል። እጁን ግን ታጠበ፤ በሳሙና ሲታጠብ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ተቀመጠ። ሻዬን እንኳ ሳልጨርስ ጮኸ።

«ቲቸር! ቲቸር፣ ይምጡ እስቲ! የተራበችው አልከሳችም!»

ሄጄ ዓይኔን ደቀንኩ። አየኋት።

እግዚአብሔር ያውቃል፣ አየኋት። ለብቻዋ ነጥሎ አስቀምጧታል፤ ገና እንቁላል አልጣለችም፤ እሷ ብትሞት ዘሯም አብሯት ያልቃል። አብረዋት የተራቡት በሌላው ሳህን ላይ ጨልመዋል፤ እሷ ከአፏ እስከ ጭራዋ ታበራለች። ስትጠማዘዝ ብርሃኑም ውስጧ ሆኖ አብሯት ይጠማዘዛል። ያ የገዛ ስቧ ነበር። ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? እኔ ወራት ሙሉ አጎንብሼ፣ እሱ ሰርግ በልቶ መጥቶ፣ በአንድ ሻይ ጊዜ? ያውም ያስተማርኩት ልጅ? ውስጤ አረረ። አፌም ተከፈተ።

«አንተ፣ ይሄ እኮ ቅቤ ነው» አልኩት። ሳቅም ጨመርኩበት። «የእናትህን አተካና ይዘህብን መጣህ!»

«ብርሃኑ አብሯት ይሄዳል እኮ፣ ቲቸር» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ተለቅልቃው ነዋ! ቀለሙ ቅቤንም ይይዛል። በቅቤ እጅህ ነክተሃታል፤ አበላሽተሃታል።»

ፊቱ ልውጥ አለ። እጆቹን እያገላበጠ አያቸው። ከገጠር የመጣ ሰው ቅቤ ትሸታለህ ሲባል ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ፤ ሆሳዕና ትምህርት ቤት የገባሁ ጊዜ እኔም ተብዬ አልቅሻለሁ። የሚያመውን ቦታ አውቄ፣ መርጬ ነው የመታሁት። ከድርም ዓይኑን ትቶ የእኔን ዓይን አመነ። ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔን! ከዚያ ሳህኑን ወስዶ በረኪና ውስጥ ጨመረው። ቆሜ አየሁት። «ቆይ» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? አላልኩም። እኔ አላልኩም።

ጊዜው አለቀበት፤ ዲግሪውን ሳይይዝ ወደ አገሩ ተመለሰ። እዚያው ጃጁራ የባዮሎጂ መምህር ሆነ። እኔ ቀጠልኩ፤ ሌሎች ትሎች አገኘሁ፣ ስሜም ተጠራ። ያችን ግን እስከ ዛሬ እፈልጋታለሁ፤ የለችም። ያየናት ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዱ ደግሞ ቅቤ ነበር ብሎ አምኗል።

ይህን ይዤ እቀበር ነበር መሰለኝ፣ የከድር ተማሪዎች ባይመጡብኝ። ከጃጁራ እሱ ያስተማራቸው ልጆች እኛ ዘንድ ሲደርሱ እጃቸው ልዩ ነው፤ አያያዛቸውን ሳይ የራሴን እጅ አያለሁ፤ በኩራት ደረቴ ይነፋል። አንድ ነገር ብቻ አላቸው። ማይክሮስኮፕ ሳይነኩ እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ያደርቃሉ፤ እንደገና ይታጠባሉ። ሰሞኑን ኑሪያ የምትባለውን «ምነው ልጄ፣ ቆዳሽን ልትልጪው ነው?» አልኳት።

«መምህር ከድር ናቸው ያስለመዱን፣ ቲቸር» አለችኝ። «በቅቤ እጄ ትልቅ ሥራ አበላሽቼ ተመልሻለሁ፣ እናንተ እንዳትደግሙት ይሉናል።»

ወይ እኔ! ውሸቴን ትምህርት አድርጎ፣ በራሱ እየፈረደ፣ ክፍል በክፍል ሲያስተምር ኖሯል። ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አለቀስኩ።

አሁን ልጅ ነበርኩ አልላችሁም፤ አልነበርኩም። ደክሞኝ ነበር አልልም። ዓይኔ ተሳስቶ ነው ብል ሁሉም ያምነኛል፣ ከድርም ያምነኛል፤ ይሄንንም አልልም። ዓይኔ ተሳስቶ አያውቅም። ጉረኛ በሉኝ፤ ግን በዚች ዓይን ያየሁትን ክጄ እሱን ጥያለሁ፣ በዚችው ዓይን ደግሞ እመሰክርለታለሁ።

ነገ የጃጁራ መኪና እሳፈራለሁ። ለብቻው ጠርቼ በሹክሹክታ አይደለም፤ ክፍሉ ገብቼ፣ ተማሪዎቹ ፊት ቆሜ ነው የምናገረው። ይቅር በለኝ ብዬም አላስጨንቀውም፤ ያ የሱ ፈንታ ነው። የምለው ይሄን ነው፦ ከድር፣ ትሏ እውነት ነበረች፤ አይቻታለሁ። እጅህ ንጹሕ ነበር።