በሚቀጥለው ሳምንት ያልኩት ደም

መርፌ እፈራለሁ። ሰው አስተምሬ የማድር ትልቅ ሰውዬ ነኝ፤ መርፌ ሳይ ግን እንደ ሕፃን እሸሻለሁ። አሶሳ ተመድቤ ስመጣ ይህን ጉዴን የሚያውቅብኝ አልነበረም።

ረመዳን በገባ በሁለተኛው ሳምንት የደም ባንክ ነርስ መምህራን ማረፊያ ክፍላችን መጣች። አብዛኛው የከተማው ሰው ስለሚጾም በዚያ ወር ደም የሚሰጥ ይጠፋል። «የማትጾሙትን ልለምን ነው የመጣሁት፤ ከኔ ጋር ብቅ በሉ» አለችን። ሁለት ባልደረቦቼ ተነስተው ተከተሏት። እኔ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ክምር አሳየኋትና «በሚቀጥለው ሳምንት» አልኳት። ወረቀቱ እውነት ነበር፤ ምክንያቱ ግን ውሸት።

ጎረቤቴ የበርታ ሴት ነበረች፤ ሦስተኛ ልጇን ለመውለድ ቀኗን የምትጠብቅ። በግቢዎቻችን መካከል ያለው የቀርከሃ አጥር አንድ ቦታ ላይ ተላቅቋል። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ እሷ ገና ሳትቀምስ፣ በዚያ ክፍተት የማሽላ ገንፎና የባሚያ ወጥ ታቀብለኛለች። «እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ስበላ ነው የዋልኩት» ስላት ትስቃለች።

«አንተ ብቻውን ነው። ብላ፤ ሳህን ነገ ይመልሳል» ትለኛለች በሰባራ አማርኛዋ።

ሳምንቱ ሳይሞላ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ባሏ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ወልዳለች፤ ልጁ ደህና ነው፤ ደሟ ግን አልቆም ብሏል። የሷ ዓይነት ደም ባንኩ ውስጥ አልቋል። የሥራ መታወቂያዬን አውጥቼ አየሁ፤ ያው ዓይነት ነው።

በባጃጅ በረርን። ክንዴን ስዘረጋ የተቀበለችኝ ያቺው ነርስ ነበረች። መርፌው ሲገባ ልብ እንኳ አላልኩትም። የተቀዳ ደም ግን ወዲያው ለሰው አይሰጥም፤ መጀመሪያ ይመረመራል። ከባሏ ጋር ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ፣ ምርመራው ሳያልቅ ሚስቱ አረፈች።

ነርሷ በለመነችን ቀን ሰጥቼ ቢሆን ደሜ ተመርምሮ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃት ነበር። ለሌላ ሰው ተሰጥቶም ሊሆን ይችል ነበር ይሉኛል። ራሴን የማጽናናው በዚህ ነው፤ አያጽናናኝም።

አሁን በየሦስት ወሩ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እሰጣለሁ። ተማሪዎቼን ስቀሰቅስ «ቀላል ነገር ነው» እላቸዋለሁ። ደግሞም ቀላል ነው፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ባልየው ያን ቀን ያየው ክንዴ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር ብቻ ነው። ዘንድሮ ረመዳን ሲገባ ልጁን በአንድ እጁ ታቅፎ፣ በአጥሩ ክፍተት ሳህን አቀበለኝ። ገንፎውን ያገነፋው ራሱ ነው፤ ጓጉሏል። ለልጁ በበርታ ቋንቋ የሆነ ነገር ነገረውና እኔም እንድሰማ በአማርኛ ደገመው።

«ይሄ አስተማሪ ለእናትህ ደሙን ሰጠ።» ወደ እኔ ዞረና «አላህ ይስጥህ» አለኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ማለቴን ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

«ብላ፤ ይቀዘቅዛል» አለኝ።

ሳህኑን ተቀብዬ እዚያው አጥሩ ሥር ቆሜ በላሁ።